ያገለገለ የተሽከርካሪ ዘይት፦ አያያዙ፣ መልሶ መጠቀሙና አወጋገዱ

የሞተር ዘይት በሚፋተጉ የብረት ክፍሎች መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ሰበቃን የሚቀንስ፣ ከቃጠሎው የሚመጣውን ሙቀት በከፊል የሚያነሳ፣ ጥላሸትንና የብረት ብናኝን ይዞ ወደ ፊልትሮ የሚያደርስ ፈሳሽ ነው። ከመቶ 75 እስከ 90 የሚሆነው ክፍሉ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ወይም በኬሚካላዊ መንገድ ተሠርቶ የሚገኝ መሠረተ ዘይት ሲሆን፣ ቀሪው ዝገትን ለመከላከል፣ ቆሻሻን ለማጠብና አረፋን ለማጥፋት የሚጨመሩ ማሻሻያ ኬሚካሎች ናቸው። ሞተሩ በሠራ መጠን ማሻሻያዎቹ እያለቁ ይሄዳሉ፤ ዘይቱም ጥላሸት፣ የብረት ብናኝ፣ ውኃና ያልተቃጠለ ነዳጅ እየተቀላቀለበት ይጠቁራል፤ አብዛኛው መሠረተ ዘይት ግን ባሕርዩን ሳይለቅ ይቆያል። በመሆኑም በየጋራዡ የተቃጠለ ዘይት እየተባለ የሚጠራው ጥቁር ፈሳሽ ከተጣራ ተመልሶ ሊያገለግል የሚችል ሀብት ነው፤ ካልተያዘ ደግሞ ውኃንና አፈርን የሚመርዝ አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል።

ከተሽከርካሪ የሚወጣው ፈሳሽ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ አብዛኛው የመሪ ዘይት፣ እንዲሁም በገልባጭ መኪናዎችና በኤክስካቫተሮች ውስጥ ግፊትን እያስተላለፈ ክንድና ሳጥን የሚያነሳው የሃይድሮሊክ ዘይት በአመዛኙ ከማዕድን ዘይት የሚሠሩ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ በአንድ በርሜል ሊሰበሰቡ ይችላሉ። የፍሬን ዘይት ግን ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ የተለመዱት ዓይነቶች ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል የሚሠሩና ከአየር እርጥበትን የሚስቡ ናቸው፤ ዶት 3 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ የሚጠበቅ ሲሆን፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ዝቅተኛው የመፍያ ነጥብ 140 ዲግሪ ነው። ይህ ፈሳሽና የራዲያተር ፀረ በረዶ ከማዕድን ዘይት ጋር ከተደባለቁ የማጣራቱን ሥራ ስለሚያበላሹ ለየብቻ መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

ያገለገለ ዘይት የሚያደርሰው ጉዳት የሚመነጨው ከራሱ ከዘይቱና ዘይቱ ከተሸከመው ባዕድ ነገር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደሚያስረዳው ከአንድ የዘይት ቅያሪ የሚወጣው መጠን፣ ማለትም 4 ሊትር ገደማ የሚሆነው፣ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ወይም 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። ዘይቱ በውኃ ላይ ተዘርግቶ አየር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ሲከለክል፣ ከሞተሩ ይዞት የመጣው እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየም በደለሉ ውስጥ ይከማቻል። በቃጠሎ ወቅት የሚፈጠሩትና ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉት ውህዶች ደግሞ ካንሰር አምጪዎች በመሆናቸው፣ እጁን ሳይሸፍን ለዓመታት በዚህ ዘይት የሚሠራ መካኒክ ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣል። በአዲስ አበባ በየቦዩ የሚደፋ ዘይት ከዝናብ ጎርፍ ጋር ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዞች ይገባል፤ በእነዚህ ወንዞች ዳር አትክልት በመስኖ ይለማል፤ ውኃውም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ከዚያም ወደ አዋሽ ስለሚዘልቅ ጉዳቱ በከተማዋ ወሰን አያበቃም።

ዘይት ከሌላ ኬሚካል ጋር ሲደባለቅ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ያሳየው በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በታይምስ ቢች ከተማ የደረሰው ጥፋት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አንድ የዘይት ሰብሳቢ ከኬሚካል ፋብሪካ የተረከበውን ዳይኦክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ያለበት ዝቃጭ ካገለገለ የሞተር ዘይት ጋር ቀላቅሎ፣ አቧራ እንዳይነሳ በሚል በፈረስ ማሠልጠኛ ሜዳዎችና በከተማዋ የአፈር መንገዶች ላይ ረጨው። ፈረሶችና ወፎች በብዛት ሞቱ፤ የመርዙ ምንነት ተመርምሮ ከታወቀ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት በ1983 እ.ኤ.አ. የነዋሪዎቹን ቤትና ንብረት ገዝቶ ከተማዋን ለማስለቀቅ ወሰነ፤ ከ2,000 በላይ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀቁ። ዘይቱ ለብቻው ተይዞ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ጥፋት ባላደረሰ ነበር።

መልሶ የመጠቀሙ የመጀመሪያውና የተሻለው መንገድ እንደገና ማጣራት ነው። በዚህ ሂደት በቅድሚያ ውኃውና ቀላል ነዳጁ በሙቀት ተለይተው ይወጣሉ፤ ቀጥሎ ዘይቱ አየሩ ተመጦ በወጣለት ጋን ውስጥ ይነጠራል፤ ምክንያቱም በተለመደው የአየር ግፊት መሠረተ ዘይትን ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት ዘይቱን ራሱን ይሰባብረዋል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ግን በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል። በመጨረሻም በሃይድሮጂን ታክሞ ቀሪው ድኝና ቀለም ይወገድለታል፤ ከሥር የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ደግሞ ለአስፋልት ሥራ ይውላል። ከ159 ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው የሞተር ዘይት 2.4 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ይህንኑ መጠን ከ3.8 ሊትር ያገለገለ ዘይት ማግኘት ይቻላል። ቀደም ሲል የተስፋፋው በሰልፈሪክ አሲድና በሸክላ አፈር የማጣራት ዘዴ ግን ርካሽ ቢሆንም አሲድ የተቀላቀለበት አደገኛ አተላ ስለሚተው ሊበረታታ አይገባውም።

ሁለተኛው መንገድ ለማገዶነት ማዋል ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ነበልባሉ ወደ 2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ ጎጂዎቹን ውህዶች ይፈታቸዋል፤ አብዛኛው የብረት ቅሪትም ከክሊንከሩ፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው ድንጋይ መሰል ውጤት ጋር ይዋሐዳል። በአነስተኛ ምድጃ ማንደድ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እሳቱ በቂ ሙቀት ስለሌለው እርሳሱና ጥላሸቱ ከጭሱ ጋር ወደ ሠራተኛውና ወደ ጎረቤቱ ሳንባ ይገባሉ። በአገራችን የባሕር ዛፍ ምሰሶን ከምስጥ ለመጠበቅ ይህን ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ ዘይቱ ከጊዜ በኋላ ወደ አፈር ስለሚሰርግ በጉድጓድ ውኃና በጓሮ አትክልት አጠገብ ሊሠራበት አይገባም።

የሁሉም መንገድ መነሻ ጋራዡ ነው። ሞተሩ ለብ ባለበት ሰዓት የመውረጃው ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ ቀጥኖ ስለሚፈስ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ ከሥሩ ሰፊ ገበቴ ከተደረገለት አንድም ጠብታ መሬት አይነካም። የወለቀው ፊልትሮ በውስጡ ብዙ ዘይት ስለሚያስቀር ጉልላቱ ተበስቶ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ተደፍቶ ሊንጠፈጠፍ ይገባል፤ ብረቱም ከዚያ በኋላ ለማቅለጫ ይሆናል። የተሰበሰበው ዘይት ክዳን ባለውና ስሙ በተጻፈበት በርሜል፣ በጣሪያ ሥርና በሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጣል። ውኃ እንደገባበት ለማወቅም ጥቂት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ማንጠብጠብ ይበቃል፤ ከተንጣጣ ውኃ አለበት ማለት ነው። ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛና ክሎሪን ያለው የብረት ማጠቢያ ግን በምንም ምክንያት ከዚህ በርሜል ሊገቡ አይገባም።

የጋራዡ ጥንቃቄ ፍሬ የሚያፈራው ዘይቱን የሚረከብ ሥርዓት ሲኖር ነው። በጣሊያን በ1984 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የዘይት ሰብሳቢዎች ማኅበር ከአዲስ ዘይት ሽያጭ ላይ በሚታሰብ መዋጮ እየተደገፈ ከየጋራዡ ዘይቱን በነጻ ያነሳል፤ አብዛኛውንም እንደገና ያስጣራል። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚገዛውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የ1989 እ.ኤ.አ. የባዝል ስምምነት ለታለመለት ሥራ የማይሆንን የማዕድን ዘይት በዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል፤ በአገር ውስጥም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል። ሕጉ በጋራዡ ወለል ላይ እንዲታይ አስመጪው፣ የከተማ አስተዳደሩና የጋራዥ ባለቤቱ ወጪውን ተጋርተው የመረከቢያ ጣቢያ ሊያቋቁሙ ይገባል፤ የመኪናው ባለቤትም ዘይት ሲያስቀይር አሮጌው ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቅ፣ ወደ ቦይ ከሚደፋ ጋራዥም ደንበኝነቱን ያንሳ።