ነጭ ውሻ ሁሉ አልቢኖ አይደለም

አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ዙሪያ ከሚውሉት ውሾች መካከል ነጭ አይጠፋም። ጠጋ ብሎ ላየው ግን አፍንጫው ጥቁር ነው፤ ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ ጠርዝም እንዲሁ። ይህ ውሻ ፀጉሩ ነጣ እንጂ አልቢኖ አይደለም። የአልቢኖ አፍንጫ፣ ከንፈርና የዓይን ዙሪያ ሮዝ ነው፤ ዓይኑ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ፀጉሩም ብዙ ጊዜ ከነጭ ይልቅ ወደ ክሬም ያደላል። ቀትር ላይ ደግሞ ብርሃን ስለሚወጋው ዓይኑን ያጨነቁራል።

ቆዳንና ፀጉርን የሚያቀልመውን ሜላኒን የሚያመርቱት ለዚሁ የተፈጠሩ ሕዋሳት ናቸው። ነጭ መደብ ያለው ውሻ በፅንስነቱ ሕዋሳቱ እዚያ ቦታ ሳይደርሱ ቀርተዋል። በአልቢኖው ገላ ላይ ግን ሁሉም በየቦታቸው አሉ፤ ያቃታቸው ቀለሙን ማምረት ነው። አልቢኖ ውሻ ደህና የሚሰማውም ለዚህ ነው፤ የውስጥ ጆሮ የሚፈልገው ሕዋሳቱን እንጂ ቀለማቸውን አይደለም። እንደ ዳልሜሽን ባሉት፣ ሕዋሳቱ በጎደሏቸው ነጫጭ ውሾች ዘንድ ግን ደንቆሮ ሆኖ መወለድ የተለመደ ነው።

በደንብ የተጠናው አልቢኖ ዶበርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ከጥቁር እናትና አባት አንዲት ነጭ ቡችላ ተወለደች። መልኳን የወደዱ አርቢዎች ዘሯን ለማብዛት ዘመድን ከዘመድ አዳቀሉ። በ2014 የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ደረሱበት፦ ኤስኤልሲ45ኤ2 ከተባለው ዘረመል ከ4,000 በላይ ፊደላት ተቆርጠው ወድቀዋል። ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ በመልክ አይታይም፤ ሁለት ጥቁር ተሸካሚዎች ሲገናኙ ግን እያንዳንዱ ቡችላ ነጭ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። በጥናቱ ከታዩት ነጭ ዶበርማኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከእነዚሁ ቀለም አምራች ሕዋሳት የሚነሳ እባጭ ነበረባቸው። ይህ እየታወቀ ለመልክ ብቻ ብሎ ማዋለድ በእኔ እምነት ጭካኔ ነው።

ሳይታሰብ የተወለደው ቡችላ ግን ጥላ ይፈልጋል፤ በተለይ እኛ ዘንድ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ናትና የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው። ብርዱ ሊያዘናጋን አይገባም። ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ከፀሐይ ይከለል፤ መንሸራሸሪያው ጠዋትና ማታ ይሁን። ዚንክ ያለበትን የሰው የፀሐይ ቅባት አፍንጫው ላይ አይቀቡት፤ ይልሰዋል፣ ዚንኩም ይመርዘዋል። አፍንጫው ላይ የማይድን ቁስል ወይም ገላው ላይ እባጭ ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።