ከድርድር ውስጥ በመፈተኛ ስለ መምረጥ

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ድርድር ወይም አሬይ የሚሉት፣ ብዙ ነገሮች በተራ ቍጥር ተሰልፈው ባንድ ስም የሚጠሩበት መዝገብ ነው። ከዚህ ሰልፍ ውስጥ የሚፈለጉትን ብቻ ለይቶ ማውጣት ዘወትር የሚያጋጥም ሥራ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያ አላቸው። በጃቫስክሪፕት ፊልተር፣ በስሞልቶክና በሩቢ ሴሌክት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው የምንወደው ግን ለመሣሪያው የሚሰጠው መፈተኛ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊልተር ከድርድሩ መጀመሪያ ተነሥቶ እያንዳንዱን አባል በተራ ለመፈተኛው ፋንክሽን ያቀርባል። መፈተኛው «እውነት» ያለውን አባል ወደ አዲስ ድርድር ያስገባል፤ «ሐሰት» ያለውን ይተወዋል። የአባሎቹ ተራ አይዛባም፤ የቀድሞውም ድርድር እንደ ነበረ ይቈያል። አንድም አባል ባያልፍ የሚገኘው ባዶ ድርድር ነው፤ ይህም እንደ ስሕተት አይቈጠርም።

ነገሩን ከወንፊት ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው፤ ሆኖም ምሳሌው ጀማሪን ሊያሳስት ይችላል። ዱቄት ሲነፋ የሚፈለገው ወደ ታች የወረደው ነው፤ እህል ከአፈር ሲለይ ግን የሚፈለገው ከላይ የቀረው ነው። በፊልተር ዘንድ እንዲህ ያለ ማመንታት የለም፤ «እውነት» ማለት ሁልጊዜ «ይያዝ» ማለት ነው። ስለዚህ ከ50 በታች ያገኙትን ለማስወገድ የሚሻ ሰው መፈተኛውን «ከ50 ያነሰ ነውን?» ብሎ የጻፈ እንደሆነ፣ የሚደርሰው የወደቁት ስም ዝርዝር ነው።

አዲስ ድርድር ከማበጀት ይልቅ ከነባሩ ላይ የማይፈለጉትን እየሰረዙ መሄድ አይሻልምን የሚል ይኖራል። 72፣ 31፣ 28፣ 91 ያለበትን ድርድር እንውሰድ፤ ተራው ከ0 ይጀምራል። በተራ 1 ያለው 31 ሲሰረዝ 28 ወደ ተራ 1 ይጠጋል፤ ቈጣሪው ግን ወደ ተራ 2 ተሻግሯል፤ በዚያም የሚያገኘው 91ን ነው። እንግዲህ 28 ሳይፈተን አመለጠ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሳይታወቅ የሚያልፈው ስሕተት ነው። አንድ መምህር የስድስት ተማሪዎችን ውጤት እንዲህ መዘገበ እንበል፤ 72፣ 0፣ 48፣ ባዶ፣ 91፣ 39። ባዶው ወረቀቱ ገና ያልታረመለት ተማሪ ነው፤ 0 ግን ተፈትኖ ምንም ያላገኘ ነው። ባዶውን ለማስወጣት አንዳንዶች አባሉን ራሱን መልሶ የሚሰጥ አጭር መፈተኛ ይጽፋሉ። ጃቫስክሪፕት እውነት ወይም ሐሰት ያልሆነ መልስ ሲደርሰው በራሱ ደንብ ይተረጕመዋል፤ ባዶን ሐሰት ይለዋል፤ 0ንም ሐሰት ይለዋል። ሁለቱም ይወጡና ድምሩ 250 ለ4 ተካፍሎ አማካዩ 62.5 ይሆናል። ትክክለኛው 250 ለ5 ተካፍሎ 50 ነው። ፕሮግራሙ አልቆመም፤ ማስጠንቀቂያም አልሰጠም፤ ክፍሉ ግን ከሚገባው በላይ የበረታ መስሎ ታየ፤ ርዳታ የሚያሻውም ተማሪ ከስሌቱ ጠፋ።

መድኀኒቱ «ባዶ አይደለምን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። ቋንቋዎቹ በዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም። ፓይተን እንደ ጃቫስክሪፕት 0ን ሐሰት ሲያደርግ፣ ሩቢ እውነት ያደርገዋል። ጃቫ ደግሞ መፈተኛው እውነት ወይም ሐሰት የማይመልስ ከሆነ ፕሮግራሙን ከነጭራሹ አይቀበልም። ምንም እንኳ ጸሐፊውን ቢያስቸግር፣ እኛ የጃቫን ጥብቅነት እንመርጣለን።

ፋንክሽንን ለሌላ ፋንክሽን አሳልፎ የመስጠት ሐሳብ ጆን መካርቲ ስለ ሊስፕ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ፊልተር በጃቫስክሪፕት ደንብ የታወቀው ግን በ2009 በወጣው በ5ኛው የኤክማስክሪፕት እትም ነው።

አንድ አባል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ፊልተር አባካኝ ነው። የአባሎቹ ቍጥር አንድ ሚሊዮን ቢሆን፣ ተፈላጊው በመጀመሪያው ተራ ላይ ቢገኝም እንኳ ሚሊዮን ጊዜ ይፈትናል። በ2015 እትም የተጨመረው ፋይንድ ግን የመጀመሪያውን እንዳገኘ ሥራውን ያቆማል።