በማሳ የተከበበችው ደሴት

በኔዘርላንድስ፣ ፍሌቮላንድ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ዙሪያዋን የእርሻ ማሳ የከበባት ረዘም ያለች ጠባብ ጉብታ አለች። ስሟ ስኮክላንድ ነው። ዛሬ በመኪናም በብስክሌትም ይደረስባታል።

ቀድሞ ግን በጀልባ ካልሆነ አይደረስባትም ነበር። በመካከለኛው ዘመን ሰፊ ረግረጋማ ምድር የነበረችው ስኮክላንድ፣ ዛውደርዜ የተባለው የባሕር ሰላጤ እየሸረሸራት በመጨረሻ ቀጭን ደሴት ሆና ቀረች። ነዋሪዎቿ አፈር ከምረው ከፍ ባደረጓቸው ጉብታዎች ላይ ተጠጋግተው፣ በአብዛኛው ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። ማዕበሉ ግን ፋታ አልሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ1825 የደረሰው ከባድ ጎርፍ ቤታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን አፈራረሰ። ሚደልቡርት በምትባለው መንደር በ1834 የተሠራው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ድህነቱና ጎርፉ ሲበረታ መንግሥት ቆረጠ። በ1859 በንጉሥ ዊለም ሦስተኛ ዘመን፣ 650 ያህል ነዋሪዎች ደሴቲቱን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ።

ከዚያ ታሪኩ ተገላበጠ። በ1932 የተጠናቀቀው 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግድብ ሰላጤውን ከባሕር ለይቶ ሐይቅ አደረገው። ከሐይቁ ከፊሉ በሌላ ግድብ ታጥሮ ውሃው በፓምፕ ተመጠጠና በ1942 የእርሻ መሬት ወጣው። ገበሬዎች ሲያርሱ የሰመጡ መርከቦች ስብርባሪ ያገኙ ጀመር።

ዩኔስኮ ስኮክላንድን በ1995 ሲመዘግብ ከኔዘርላንድስ የዓለም ቅርሶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በሰሜን ጫፏ የነበረችው የኤመሎርድ መንደር ስም በአዲሱ መሬት ላይ ለተቆረቆረች ከተማ ተሰጥቷል፤ የመንደሯ አሮጌ ወደብ ደግሞ ዛሬም በሣር መካከል ይታያል።