ዝግባ፦ በቦታው ሲውል የሚከበር እንጨት

ስለ ዝግባ እንጨት ሁለት ተቃራኒ ፍርዶች ይሰጣሉ። አንደኛው ለመላጊያ የሚመች፣ ንጹሕና ልሙጥ ጣውላ የሚወጣው፣ ለቤት ዕቃና ለኮርኒስ ተፈላጊ እንጨት ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ዝናብ ካገኘው የሚበሰብስ፣ ምስጥ ከደረሰበት የማይተርፍ ደካማ እንጨት ነው ይላል። ሁለቱም ፍርዶች እውነት ናቸው፤ የሚቀዱትም ከአንድ ምንጭ ነው። ዝግባን ለአናጢ እጅ ያመቻቸው ተፈጥሮው ራሱ ለብስባሽ አጋልጦታል። ይህን የተረዳ ሰው እንጨቱን የት ማዋል፣ ከየት ማግኘትና ለምን መልሶ መትከል እንዳለበት አይጠፋውም። ጉዳዩ በተለይ ቦሌንና ምሥራቅ አዲስ አበባን ይመለከታል። ከቦሌ መንገድ እስከ ገርጂ፣ ሲኤምሲና አያት ድረስ ግንባታ በማይቋረጥበት፣ አሮጌው ቪላ እየፈረሰ ፎቅ በሚተካበት በዚህ አካባቢ ብዙ እንጨት ይገዛል፤ ብዙ እንጨትም ይጣላል።

ዝግባ ከጥድ ወገን ነው፤ ማለትም አበባ ከማያብቡትና በሳይንሱ ኮኒፈር ከሚባሉት ዛፎች ይመደባል። ቅጠሉ ግን እንደ ጥድ መርፌ ወይም ቅርፊት መሳይ ሳይሆን ጠፍጣፋና ጠባብ ነው፤ ዘሩም ሥጋ ባለው ሽፋን ውስጥ የተቀመጠ ድቡልቡል ፍሬ ይመስላል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ቢርቢርሳ ይሉታል። ሳይንቲስቶች ቀድሞ ፖዶካርፐስ ይሉት የነበረውን ዛሬ አፍሮካርፐስ ብለው ይጠሩታል። ከኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ ሲመቸው ከ40 ሜትር በላይ ይመዘዛል። በአገራችን በሙኔሳ፣ በሐረና እና በሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደኖች፣ እንዲሁም በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,800 ሜትር ያለው ከፍታ ይስማማዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ቦሌም በዚህ ክልል ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ዝግባ ለዚህች ከተማ እንግዳ ዛፍ አይደለም።

የእንጨቱ ጠባይ የሚገለጠው ግንዱ ሲሰነጠቅ ነው። እንደ ዋንዛና ባሕር ዛፍ ባሉት ዛፎች ውስጥ ውኃ የሚተላለፈው ሰፋፊ በሆኑ ቱቦዎች ነው፤ ጣውላቸው ላይ በዓይን የሚታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የእነዚህ ቱቦዎች አፍ ናቸው። ዝግባ እነዚህ የሉትም። አካሉ ከሞላ ጎደል በመጠን በሚቀራረቡ ቀጫጭን ሴሎች የተሠራ ነው፤ የሙጫ መተላለፊያም የለውም። የዕድሜ ቀለበቶቹ በደንብ አይለዩም፤ የግንዱ ውጭና ውስጥም በቀለም ብዙ አይለያይም፤ ሁሉም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ከዚህ የተነሣ መላጊያው ጠንካራና ለስላሳ ንብርብር እየተፈራረቀበት አይንገጫገጭም፤ መጋዙ ሙጫ አይዝም፤ ቀለምና ቫርኒሽ በሙጫ ምክንያት አይላቀቁም፤ ኮላም በደንብ ይይዛል። በደንብ የደረቀ አንድ ሜትር ኩብ ዝግባ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ለመደርደሪያ፣ ለመሳቢያ፣ ለቁምሳጥን፣ ለኮርኒስ፣ ለግድግዳ ልባጥና ለኮምፔንሳቶ የሚስማማ መካከለኛ ክብደት ነው።

ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። የሐበሻ ጥድ በግንዱ እምብርት ውስጥ ምስጥና ሻጋታን የሚያባርሩ፣ መዓዛና ቀይ ቀለም የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ስላሉት በአጥር ቋሚነት ዓመታት ይቆያል። ዝግባ በዚህ በኩል ድኻ ነው፤ መዓዛም ሙጫም እንደሌለው ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያም የለውም። መሬት ከነካ ይበሰብሳል፤ እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ሻጋታ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ነቀዝም ይበሳዋል። ሲደርቅ የመጣመም ዝንባሌ አለው። በተለይ ዛፉ አዘንብሎ ካደገ በታችኛው ወገኑ የሚሠራው ከባድ እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ስለሚያጥር ጣውላውን ያጎብጠዋል። ምስማር በቀጥታ ሲመታበትም ይሰነጠቃል። እነዚህን ሁሉ ቆጥሮ «እንግዲያው ለምን ይደከምበታል?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ለጥያቄው መነሻ የሆነው ያው ጠባይ ውስጥ አለ። እርጥበትን በቀላሉ የሚያሳልፈው አካሉ የመከላከያ መድኃኒትንም በቀላሉ ያስገባል። ብዙ ጠንካራ እንጨት መድኃኒቱን ከላይ ብቻ ሲቀበል ዝግባ ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ደረቅ ቤት ውስጥ ላለ መደርደሪያ ደግሞ ዝናብም ምስጥም ስለማይደርስበት የመበስበሱ ነገር ዋና ጉዳይ አይሆንም።

ስለዚህ ዝግባን መጠቀም ጥቂት ደንቦችን ማክበር ይጠይቃል። ጣውላው በጥላ ሥር፣ በየመሐሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እየገቡበት፣ ከላይ ክብደት ተጭኖበት ይድረቅ። አዲስ አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለወራት ደረቅ ስለሆነች እንጨት በየወቅቱ ያብጣል፣ ይቀንሳል። በበጋ ልክክ ብሎ የገጠመ የቁምሳጥን በር በክረምት ይጣበቃል፤ አናጢው ክፍተት ሊተውለት ይገባል። ከምስማር በፊት በመሰርሰሪያ ይበሳ፤ ከተቻለም በብሎን ይታሰር። የመከላከያ መድኃኒት ካልገባበት ለውጭ በር፣ ለአጥር፣ ለመታጠቢያ ቤትና ከመሬት ለሚገናኝ መቃን ጨርሶ አይመረጥ፤ ለዚያ የሐበሻ ጥድ ወይም ሌላ እንጨት አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገበያው ይመጣል። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ርካሽ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ለአናጢም ሥራ ያቀላሉ። ይህ አይካድም፤ ለብዙ ኮንዶሚኒየም ነዋሪም የሚደረስባቸው ቁሳቁሶች እነሱ ናቸው። ነገር ግን ቺፑድ የቧንቧ ውኃ ሲፈስበት ያብጣል፤ ካበጠ በኋላም ወደ ነበረበት አይመለስም። ከማጠፊያው ላይ ብሎኑ አንዴ ከተነቀለ ሁለተኛ በደንብ አይዝም። የዝግባ ጣውላ ግን ሲቧጨር በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ሲጠቁር ይላጋል፤ ጫፉ ሲጎዳ ተቆርጦ ለሌላ ሥራ ይውላል። የዕቃ ዋጋ በተገዛበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሚቆይበትና በሚጠገንበት ዘመን ከተለካ ሒሳቡ ይለወጣል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የደኑ ነው። እየመነመነ ያለን ዛፍ እንጨት ማወደስ ለመጋዝ መንገድ መክፈት አይሆንም ወይ? ሥጋቱ ትክክል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዝግባን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከሐበሻ ጥድ ጋር ጥበቃ ከሚደረግላቸው ዛፎች መድቦት ነበር፤ ያን አዋጅ በ1999 ከዚያም በ2010 የወጡ አዋጆች ተክተውታል። ከተፈጥሮ ደን አዲስ ዝግባ መፈለግ አይገባም። ነገር ግን አንድን እንጨት ከጥፋት የሚያድነው ዋጋውን አለማወቅ አይደለም። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከወለሉ፣ ከኮርኒሱና ከቁምሳጥኑ የሚወጣ ዝግባ ቢኖር ዓመታትን በደረቅ ቤት ያሳለፈ፣ መጣመሙንም የጨረሰ ጣውላ ነው። ይህን ማገዶ የሚያደርገው ጠባዩን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ለአዲስ ለስላሳ እንጨት ደግሞ ከመካከለኛው አሜሪካ መጥቶ በተተከለ ደን የሚለማው የፈረንጅ ጥድ አለ። አንጓ ቢበዛበትም በወጣትነቱ ቅርንጫፉ ከተገረዘለት ለውስጥ ሥራ የዝግባን ቦታ በብዙ መልኩ ይሸፍናል።

ዝግባ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ዛሬ የተከለው ሰው ጣውላውን አያይም። ሆኖም ዛፉ የሚሰጠው ጣውላ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ጥላ ይሰጣል፤ ፍሬውም ወፎችንና ጦጣዎችን ይመግባል። ከምሥራቅ አፍሪካ የሄደው ይኸው ዛፍ በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የመንገድ ዳርና የአጥር ዛፍ ሆኖ በሰፊው ይተከላል፤ በተወለደበት ከፍታ ላይ ለቆመችው ቦሌማ አይበዛባትም። ስለዚህ ግቢ ያለው ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት፣ ደብርና የመኖሪያ ቤት ማኅበር በሚቀጥለው ክረምት ከሚተክለው ችግኝ መካከል ዝግባ ይጨምር። ቤት የሚያፈርስም ሰው እንጨቱን በመኪና ጭኖ ከመጣሉ በፊት ለአናጢ ያሳይ።