ጠፍጣፋ እግር ሁሉ በሽታ አይደለም

እዚህ ሚልፒታስ ኮንክሪት ላይ ቆሜ እየዋልኩ ማታ እግሬን ይጠዘጥዘኛል። የአምስት ዓመቱ ልጄ ውስጥ እግርም እንደኔው ጠፍጣፋ መሆኑን ሳይ ደንግጬ ውድ ጫማ ልገዛ ሮጥኩ። ለካስ የሕፃን እግር አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ይጎደጉዳል። በጣቶቹ ሲቆም ውስጥ እግሩ ከጎደጎደና ሕመም ከሌለው ሕክምና አያሻውም። እንዲያውም በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ የሕንድ ጥናት፣ 2,300 ሕፃናት ሲታዩ ጠፍጣፋ እግር የተገኘባቸው ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 ከመቶ፣ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ግን 2.8 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

እኛን አዋቂዎቹን ባታችንን ማሳሳብ፣ ተረከዝ ማንሳትና ደገፍ የሚያደርግ ጫማ ይረዳናል። አንዱ እግር ብቻ ጠፍጣፋ እየሆነ ቁርጭምጭሚቱ ካበጠ ግን ጅማት ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። ልጆቻችንንስ? ቤት ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ይሩጡ!