ኤቨርተን ምን አጠፋ?

ዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ግድም የምትርቅ የቡና ከተማ ናት። ቅዳሜና እሁድ ግን ወሬዋ ሁሉ ኳስ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ያለ ሰው ጀርመን ማሽን እንደሆነ፣ ጣሊያን በሩን ዘግቶ እንደሚጫወት ሳይነገረው አይወጣም። መንገድ ላይም ያው ነው፤ ነጭ ከሆነ «ፈረንጅ»፣ ኮሪያዊም ይሁን ጃፓናዊ ለልጆቹ «ቻይና!» ነው።

ይህ ቀልድ ነው፣ ይሁን። ግን ሂሳብ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1985 ብራስልስ፣ ሄይዘል ስታዲየም፣ ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ ለፍጻሜ ሲገናኙ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደ ጣሊያኖቹ ተንደረደሩ። ግንብ ተደረመሰ፣ 39 ሰው ሞተ። የእንግሊዝ ክለቦች በሙሉ ለአምስት ዓመት ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ። የዚያን ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ማን ነበር? ኤቨርተን! ብራስልስ ድርሽ ሳይል የአውሮፓ ዋንጫው ቀረበት።

የኢትዮጵያ ደጋፊም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተጫወቱ። ስታዲየሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሷል። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ግን ቩቩዜላና ጠርሙስ ሜዳ ላይ ዘነበ፣ ጨዋታውም ቆመ። አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ በ10 ልጅ ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። የውጭ ዜናዎች ግን ጠርሙሱንም አነሱት። 90 ደቂቃ ሙሉ ሲዘፍን የነበረው ሕዝብ ከወርዋሪው ጋር አንድ ስም ተሰጠው፤ «የኢትዮጵያ ደጋፊዎች» ተባለ።

መልካም ስምም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ኳታር 2022 መክፈቻ ላይ የተጫወቱት ኳታርና ኢኳዶር ናቸው፤ ቆሻሻውን በላስቲክ የሰበሰቡት ግን ጃፓኖች። ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ዓለም ያወራው ግን ስለ ጃፓን ነው።

ነገሩ አሁን ዲላ ደጃፍ ደርሷል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ሽማግሌዎች ሥርዓት የሚፈጽሙባቸው የተከበሩ ደኖችም አሉ። ሊያይ የመጣው እንግዳ «ቻይና!» የሚለውን ጩኸት የዲላ ጠባይ አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ሄዶ ትክሉ ድንጋይ ላይ ተንጠላጥሎ ፎቶ የሚነሳም ቢኖር የዲላ ልጅ ስሙን አይጠይቀውም፤ «የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ነው» ብሎ ይጨርሳል። ማሊያ ለብሶ ከሆነማ ክለቡም አብሮ ይሰደባል።