ግራፉ ያላየው ሠላሳ ሰከንድ

እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ የሚገኘው ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ወደ ውጭው ዓለም የሚወጣበት መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚያሳልፍ። በዛሬ ስልክ የተነሳ ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶ በዚያ መስመር ቢላክ፣ ሌላ ማንም ባይጠቀምበት እንኳ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። መስመሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ለማወቅ ያልጓጓ አልነበረም። እዚያው ይሠራ የነበረው ቶቢያስ ኦቲከር ጭነቱን በግራፍ እየሣለ ድረ ገጽ ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ፤ በ1995 ጸደይም ኤምአርቲጂ ብሎ ለሕዝብ ለቀቀው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ራውተር በየመስመሩ ያለፈውን ባይት ራሱ ይቆጥራል። ፕሮግራሙ ኤስኤንኤምፒ በተባለው የመጠያየቂያ ደንብ በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን ይጠይቃል። ከዚያ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ እንደሚያደርገው ካሁኑ ንባብ የቀድሞውን ይቀንስና ለ300 ሰከንድ ያካፍለዋል።

ጣጣው ያለው ማካፈሉ ላይ ነው። 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የግቢ መስመር ለሠላሳ ሰከንድ ጢም ብሎ ሞልቶ ቀሪውን አራት ደቂቃ ተኩል ባዶ ቢውል፣ ግራፉ የሚያሳየው 10 ሜጋቢት ብቻ ነው። በዚያች ሠላሳ ሰከንድ ኦንላይን ፈተና ላይ የነበረ ተማሪ ገጹ አልከፈት ይለዋል፤ አይሲቲ ክፍል ሄዶ ሲያመለክት «መስመሩ እኮ ባዶ ነው» ይሉታል። ሁለቱም አልዋሹም። በዓመቱ ግራፍ ላይ ደግሞ አንዷ ነጥብ የሙሉ ቀን አማካይ ናት፤ የቀትሩ ግርግር ከሌሊቱ ጭርታ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። የዓመቱን ግራፍ ብቻ አይቶ «መስመሩ ይበቃናል» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ቆጣሪውም የራሱ ጉድ አለው። የጥንቱ ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,295 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በ100 ሜጋቢት ሙሉ ጭነት ይህ 5 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ ንባቡ ለጥቂት ይደርስበታል። በጊጋቢት መስመር ግን በ34 ሰከንድ ይዞራል፤ በሁለት ንባቦች መካከል ስምንት ጊዜ ሲዞር ፕሮግራሙ ስለማያውቅ የተጥለቀለቀውን መስመር ሥራ ፈት ያስመስለዋል። መላ የተገኘው በባለ 64 ቢቱ ቆጣሪ ነው፤ እሱ በዚያው ፍጥነት አንዴ ለመዞር ከ4,600 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል።

ያም ሆኖ ግራፉ መስመሩ ስንት እንደተጫነ እንጂ ማን እንደጫነው አይናገርም። ለዚያ እንደ ኔትፍሎው ያሉ መዝገቦች አሉ፤ የመልእክቱን ይዘት ሳይነኩ የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ጋር ስንት ባይት እንደተለዋወጠ ይይዛሉ። ቀትር ላይ መስመሩን የዘጋው የአንድ ላቦራቶሪ ባክአፕ ሆኖ ከተገኘ፣ ሰዓቱን ወደ ሌሊት ማዛወር ሳይሞክሩ ለአዲስ መስመር ጨረታ ማውጣት ገንዘብ መበተን ነው።